ሁለት መስመር በአንድ ሐዲድ፦ ሥርዓተ ክወና ከመሣሪያዎች ጋር ስለሚገናኝበት በር



ለገሃር ስሙን ያገኘው ጣቢያ ማለት ከሆነው «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል መሆኑ የታወቀ ነው። በዚያው አካባቢ ለረጅም ዘመን የአንበሳ አውቶቡሶች መነሻና መድረሻ ሆኖ የኖረ ሥፍራም አለ። አውቶቡስ በሚለው ቃል ውስጥ ያለው «ቡስ» ደግሞ «ኦምኒቡስ» ከተባለው የላቲን ቃል መጨረሻ ላይ ተቆርጦ የቀረ ሲሆን፣ ሙሉው ቃል «ለሁሉም» ማለት ነው። የኮምፒዩተር መሐንዲሶች ፕሮሰሰሩን፣ ማኅደረ ትውስታውንና ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን የሚያገናኘውን የጋራ መሥመር «ባስ» ብለው ሲሰይሙ የተዋሱት ይህንኑ ቃል ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ውስጥ ስለ ባስ ለመናገር ከለገሃር የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመሩት ሁለቱ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስመሮች፣ ማለትም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብና ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጉት፣ በከተማዪቱ መካከል ሲደርሱ ከመስቀል አደባባይ አጠገብ እስከ ልደታ ድረስ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል አንድ ሐዲድ እንዲጋሩ ሆነው ተሠርተዋል። ለገሃር ከዚህ የጋራ ክፍል ጣቢያዎች አንዱ ነው። ከአያት የተነሣ ባቡርና ከቃሊቲ የተነሣ ባቡር ለገሃር ላይ የሚረግጡት ሐዲድ አንድ ነው። ሁለቱ ነጂዎች እርስ በርሳቸው አይመካከሩም፤ ማን ቀድሞ እንደሚገባ የሚወስነው ሦስተኛ ወገን፣ ይኸውም ምልክቱና ከምልክቱ በስተጀርባ ያለው ቁጥጥር ነው። መጋራቱ የግንባታውን ወጪ ያቃልላል፤ ነገር ግን በዚህ ሥፍራ ተበላሽቶ የቆመ አንድ ባቡር ሁለቱንም መስመሮች ያውካል። በአሮጌዎቹ የኮምፒዩተር ባሶች ላይ የነበረው ሁኔታም ይኸው ነበር። ዲስኩም፣ የኔትወርክ ካርዱም፣ የድምፅ ካርዱም በአንድ ሽቦ ይተላለፉ ነበርና፣ ተራ ሰጪ ወረዳ ካልተመደበላቸው በስተቀር ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲናገሩ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ይሆናል። በዛሬው ፒ ሲ አይ ኤክስፕረስ ግን እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ መስመር አለው፤ መስመሮቹም በመካከል በሚገኝ ማዞሪያ ይገናኛሉ። ሆኖም ስሙ ባስ እንደሆነ ቀርቷል፤ ሶፍትዌሩም እስከ ዛሬ ድረስ የሚያየው እንደ ባስ ነው።

የባቡርና የኮምፒዩተር ዝምድና በዚህ አያበቃም። የሆላንዱ ሊቅ ኤድስኸር ዳይክስትራ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ብዙ ሥራዎች አንድን ንብረት ያለ ግጭት የሚጠቀሙበትን ዘዴ ሲነድፍ «ሴማፎር» የሚለውን ስም የሰጠው ከባቡር ሐዲድ ምልክት ወስዶ ነው። ነጠላ ሐዲድ ያለው ማንኛውም የባቡር ድርጅት ዳይክስትራ የጻፈውን ችግር ቀድሞ ያውቀው ነበር። በ1894 እ.ኤ.አ. ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ የተጀመረው፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የጅቡቲ መስመር ነጠላ ሐዲድ ነበር። በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ወደ ላይ የሚወጣና ወደ ታች የሚወርድ ባቡር የሚተላለፉት በጣቢያ ብቻ ነው፤ አንዱ እስኪደርስ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። በ1929 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ የዚህ ሁሉ መጠበቅ የመጨረሻው ሥፍራ ነበር።

ይሁን እንጂ ተራ የመስጠቱ ጉዳይ ከሥርዓተ ክወና ሥራ ቀላሉ ክፍል ነው። ብዙዎች ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሉት ይህ ሥርዓት በጣም የሚቸገረው ከዚያ በኋላ በሚመጣው ጥያቄ ላይ ነው። መሣሪያው ራሱ በማኅደረ ትውስታ አድራሻዎች መካከል እንደ አንድ ተራ ሥፍራ ሆኖ ሲቀመጥ፣ ድራይቨሩን ለሚጽፈው ሰው በምን ዓይነት በር በኩል ይሰጠው? የዚህ ንግግር ጉዳይ ይህ በር ነው።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። የመሣሪያ ሬጂስተሮች በአድራሻ የሚደረስባቸው ስለሆኑ ብዙ ተማሪዎች እንደ ማኅደረ ትውስታ ይቈጥሯቸዋል። ማኅደረ ትውስታን ማንበብ መጽሐፍ እንደ ማንበብ ነው፤ ገጹ አሥር ጊዜ ቢነበብ አይለወጥም። የመሣሪያን ሬጂስተር ማንበብ ግን ከጋን ጠላ እንደ መቅዳት ነው። 16550 በተባለው የታወቀ የተከታታይ መገናኛ ቺፕ ላይ የመጀመሪያውን አድራሻ ያነበበ ሰው ከመጣው መልእክት አንድ ባይት ቀድቷል፤ ያ ባይት ተመልሶ አይገኝም። በዚያው አድራሻ ላይ የጻፈ ደግሞ ሌላ ባይት ወደ ውጭ ልኳል። ጽፎ መልሶ ቢያነብ የጻፈውን አያገኝም፤ የሚያገኘው ከሌላው ወገን የመጣውን ነው። በብዙ መሣሪያዎች ላይ የሁኔታ ሬጂስተርን ማንበብ ብቻ የተነሣውን የማቋረጫ ጥሪ ይሰርዛል። ስለዚህ በዚህ ሥፍራ ማንበብም መጻፍም ድርጊት ነው። የኮምፒዩተር ቋንቋ አቀናባሪ፣ ማለትም ኮምፓይለር፣ ሥራ ለማፋጠን ብሎ ሁለት ንባቦችን አንድ ቢያደርግ፣ ወይም ፕሮሰሰሩ ለኋላ ይጠቅማል ብሎ ቀድሞ ቢያነብ፣ በማኅደረ ትውስታ ላይ ምንም ጉዳት የለውም፤ በመሣሪያ ላይ ግን ጋኑ ተቀድቷል።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ በ2008 እ.ኤ.አ. የደረሰው ነገር ያስረዳል። በዚያ ዓመት በበጋው ማብቂያ ላይ የሊነክስ ከርነል 2.6.27 ዝግጅት በሙከራ ላይ ሳለ፣ ኢ1000ኢ በተባለው ድራይቨር የሚታዘዙ የኢንቴል ኔትወርክ ካርዶች መሞት ጀመሩ። የሞቱት በምሳሌ አይደለም። የካርዱን መለያና አሠራር የያዘው የማይጠፋ ማኅደር ተበላሽቶ፣ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ቢነሣም፣ ወደ አሮጌው ከርነል ቢመለስም ካርዱ አይሠራም ነበር። ሶፍትዌር ብረትን የሚገድልበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ ድንጋጤው ከባድ ሆነ። በመጀመሪያ የተጠረጠረው የራሱ የካርዱ ድራይቨር ነበር፤ ቀጥሎም የሥዕል ካርድ ሶፍትዌር ተጠረጠረ። ሳምንታት ከፈጀ ፍለጋ በኋላ ጥፋተኛው ከሁለቱም ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የከርነል ክፍል ሆኖ ተገኘ።

ይህ ክፍል ኤፍትሬስ የሚባል የፕሮግራም መከታተያ ነው። ሥራው በከርነሉ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ተግባር የሚጀምርበትን ሥፍራ መመዝገብና በኋላ በዚያ ሥፍራ ያለውን ትእዛዝ መለወጥ ነበር። አንዳንድ ኮድ ግን ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ብቻ ይፈለግና ከዚያ ይጣላል፤ የነበረበት አድራሻም ለሌላ አገልግሎት ይውላል። ኤፍትሬስ ግን የቀድሞውን አድራሻ በመዝገቡ ይዞ ቀርቶ ነበር። አድራሻው ደግሞ በአጋጣሚ ለኔትወርክ ካርዱ የማይጠፋ ማኅደር ተሰጥቶ ነበር። ይህ የተለመደ ዓይነት ስሕተት ነው፤ ቤቱን የለቀቀ ሰው ስሙ በመዝገብ ሳይሰረዝ ቀርቶ አዲሱን ተከራይ ሲያስጨንቅ እንደሚታየው ያለ ነው። የሚገርመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ኤፍትሬስን የጻፉት ሰዎች ጥንቃቄ አድርገው ነበር። የሚጠቀሙበት የፕሮሰሰር ትእዛዝ በመጀመሪያ ያለውን ነገር ከሚጠብቁት ጋር አነጻጽሮ፣ እኩል ከሆነ ብቻ የሚለውጥ ነበር። እኩል ካልሆነ ምንም አይነካም ብለው አመኑ። በማኅደረ ትውስታ ላይ እምነታቸው ትክክል ነው። ነገር ግን በኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ይህ ትእዛዝ እኩል ባይሆን እንኳ ያነበበውን ዋጋ መልሶ ይጽፋል። በማኅደረ ትውስታ ላይ ያንኑ ነገር ባለበት መልሶ መጻፍ ከምንም አይቈጠርም። በመሣሪያ ላይ ግን መጻፍ መጻፍ ነው፤ ካርዱ ያየው የጽሑፍ ትእዛዝ ነበር፤ እንደታዘዘውም አደረገ።

መፍትሔው በሁለት ወገን ተሰጠ። 2.6.27 በጥቅምት ከተለቀቀ ከጥቂት ቀናት በኋላ በወጣው 2.6.27.1 ያ የመከታተያ ክፍል እንዳይሠራ ተደረገ። በካርዱ በኩል ደግሞ ማኅደሩ በሥራ ጊዜ ከመጻፍ እንዲጠበቅ ሆነ። ሁለተኛው እርምጃ ትልቅ ነገር ያመለክታል፤ በሩ ከጅምሩ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ስሕተት ያን ያህል ባልጎዳ ነበር።

ታዲያ ይህ በር እንዴት ይሠራ የሚለው ጥያቄ በጣም አሮጌ ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. የዲጂታል ኢኲፕመንት ኩባንያ ያወጣው ፒ ዲ ፒ 11 ለመሣሪያዎች የተለየ ትእዛዝ አልነበረውም። ዩኒባስ በተባለው አንድ ባስ ላይ ማኅደረ ትውስታውም መሣሪያውም ተሰልፎ፣ የላይኛው 8 ኪሎ ባይት አድራሻ ለመሣሪያዎች ተለይቶ ተሰጠ። የመቆጣጠሪያው ጽሕፈት ማሽን ሬጂስተር በስምንትዮሽ ቁጥር 177560 በተባለው አድራሻ ይገኝ ነበር። ዩኒክስ ያደገው በዚህ ማሽን ላይ ነው፤ የሲ ቋንቋም እንዲሁ። የድራይቨር ጸሐፊው አድራሻውን በሲ ጠቋሚ ይዞ፣ ሬጂስተሩን እንደ ማንኛውም ተለዋዋጭ ያነብና ይጽፍ ነበር። ሥራው ያማረ ነበር። ውበቱ ግን አንድ ትውልድ ሙሉ አሳስቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኢንቴል በ1978 ባወጣው 8086 ላይ ለመሣሪያዎች 64 ኪሎ ባይት የሆነ የተለየ የወደብ አድራሻና የተለዩ የማስገቢያና የማስወጫ ትእዛዞች ሰጠ። ይህ አሠራር ውበት የጎደለው ነው ተብሎ ሲነቀፍ ኖሯል። ሆኖም አንድ መልካም ነገር ነበረው፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ትእዛዙን ያየ ሰው ሁሉ «ይህ መሣሪያ ነው» ብሎ ያውቃል፤ ከማኅደረ ትውስታ ጋር አያምታታውም።

የጠቋሚው ዘዴ የፈረሰው በ1992 እ.ኤ.አ. በወጣው አልፋ በተባለው ፕሮሰሰር ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ አልፋዎች አንድ ባይት ብቻ ነጥሎ የመጫንም የማስቀመጥም ትእዛዝ አልነበራቸውም፤ የሚያነሡት ቢያንስ አራት ባይት በአንድ ጊዜ ነበር። ለማኅደረ ትውስታ ይህ ችግር አይደለም፤ አራቱን አንሥቶ፣ አንዱን ለውጦ፣ አራቱን መመለስ ይቻላል። ለመሣሪያ ግን ጎረቤት ያሉትን ሦስት ሬጂስተሮች አብሮ መቅዳትና አብሮ መጻፍ ይሆናል። መሐንዲሶቹ መፍትሔ ብለው የሠሩት አድራሻውን አስፍተው፣ የሚፈለገውን ባይት ቁጥርና መጠን በአድራሻው ውስጥ ሸሽገው መላክ ነበር። ከዚህ በኋላ ተራ ጠቋሚ ምንም አይረዳም፤ ለኢንቴል ኮምፒዩተር የተጻፈ ድራይቨር፣ ካርዱ ያው ካርድ ሆኖ ሳለ፣ አልፋ ላይ አይሠራም።

የኔትቢኤስዲ ሰዎች ለዚህ የሰጡት መልስ ባስ ስፔስ የተባለው ነው። በዚህ አሠራር ድራይቨሩ አድራሻ አይሰጠውም። የሚሰጠው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የባሱን ዓይነት የሚነግር መለያ፣ ሁለተኛው ለእርሱ የተከፈተለትን ክልል የሚወክል መያዣ ነው። ከዚያ በኋላ «በዚህ ባስ፣ በዚህ ክልል፣ ከመጀመሪያው በዚህን ያህል ርቀት አንድ ባይት አንብብልኝ» ይላል እንጂ ራሱ እጁን አይዘረጋም። የወደብ አድራሻ ይሁን የማኅደረ ትውስታ አድራሻ፣ አልፋ ይሁን ኢንቴል፣ የባይቱ አደራደር ከትልቁ ይጀምር ከትንሹ፣ በሩ ጠባቂው ያውቃል። ሊነክስም በሌላ ስም ተመሳሳይ መንገድ ይዟል፤ በመጀመሪያ ክልሉን ያስከፍታል፣ ከዚያም ለንባብና ለጽሑፍ የተለዩ ተግባሮችን ብቻ ያስጠራል። ከ2004 ገደማ ጀምሮ ደግሞ የመሣሪያ ጠቋሚዎች ልዩ ምልክት ተደርጎባቸው፣ ከተራ ጠቋሚ ጋር ሲደባለቁ ስፓርስ የተባለው መርማሪ ፕሮግራም ያጋልጣቸዋል። የዚህ ሁሉ ትርጉም ከብዙ ዓመታት ክርክር በኋላ የ8086ን የተለየ ትእዛዝ መልካም ጎን በሶፍትዌር መልሶ ማምጣት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ችግር የቅደም ተከተል ነው። ከለገሃር ወደ ላይ ሲወጣ በቸርችል ጎዳና ላይ በሚገኘው ዋናው ፖስታ ቤት ደብዳቤ ያስገባ ሰው ደብዳቤው ተልኳል ማለት ይችላል፤ ደርሷል ማለት ግን አይችልም። ፒ ሲ አይ በተባለው፣ በ1992 በወጣው ባስ ላይ መጻፍ እንደዚሁ ነው። ፕሮሰሰሩ ጽሑፉን ለድልድዩ ሰጥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ጽሑፉ መቼ ካርዱ ዘንድ እንደሚደርስ አያውቅም። ማንበብ ግን መልስ የሚጠይቅ ደብዳቤ ነው፤ መልሱ ሲመጣ ከእርሱ በፊት የተላኩት ሁሉ መድረሳቸው ይረጋገጣል። ስለዚህ ካርዱን «አቁም» ብሎ አዝዞ ወዲያው ማኅደረ ትውስታውን ለሌላ የሚሰጥ ድራይቨር በመካከል አንድ ጊዜ ማንበብ አለበት። ይህን ያልጻፈ ድራይቨር ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ ይሠራል፤ በመቶኛው ካርዱ ሳይቆም የሌላውን ሰው ገጽ ይጽፍበታል።

በሩን የሚሠራው ሰው በዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ምርጫ አለው። እያንዳንዱ ንባብና ጽሑፍ በራሱ ቅደም ተከተል ይጠብቅ ቢል ድራይቨር መጻፍ ቀላል ይሆናል፤ ነገር ግን አርም በመሳሰሉ ፕሮሰሰሮች ላይ እያንዳንዱ ጥበቃ ጊዜ ይበላል። ጸሐፊው ራሱ አጥር ያኑር ቢል ፍጥነት ይገኛል፤ አጥሩን የሚረሳው ጸሐፊ ግን ብዙ ነው። የሊነክስ ሰዎች የተለመደውን ተግባር ጥብቅ አድርገው፣ የለቀቀውን ለሚያውቅበት ብቻ በሌላ ስም ሰጥተዋል። ይህ ትክክለኛ ፍርድ ይመስላል፤ ተራው መንገድ አደጋ የሌለበት፣ አደገኛው መንገድ ደግሞ በስሙ የሚታወቅ ሊሆን ይገባል። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ቅደም ተከተልን በአመዛኙ ስለሚጠብቁ አጥር የጎደለው ድራይቨር ለዓመታት ሳይጋለጥ ይኖራል። ያው ድራይቨር በአብዛኛው የእጅ ስልክ ውስጥ በሚገኘው በአርም ላይ ሲጫን ያልተጫነ ፉርጎ ይዞ እንደሚነሣ ባቡር ይሆናል፤ የመነሻው ምልክት ቀድሞ ይደርሳል፣ ጭነቱ ኋላ ይቀራል።

ስለ ጭነት ከተነሣ መሣሪያው ራሱ፣ ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር፣ ከማኅደረ ትውስታ የሚያነብበትና የሚጽፍበት አሠራር አለ። በአጭሩ ዲ ኤም ኤ ይባላል። የአሮጌው የጅቡቲ ሐዲድ ስፋት 1000 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን 1435 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አይሄድም፤ ጭነት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈው በመገልበጥ ብቻ ነው። የ1984ቱ አይ ቢ ኤም ኤ ቲና ዘመዶቹ ይህን ችግር ያውቁታል። የባሱ አድራሻ 24 ቢት ስለነበር በእርሱ ላይ የተሰካ ካርድ ከ16 ሜጋ ባይት በላይ ያለውን ማኅደረ ትውስታ ሊደርስበት አይችልም። የኮምፒዩተሩ ማኅደር ከዚያ ሲበልጥ ሥርዓተ ክወናው በታችኛው ክፍል አንድ የመገልበጫ መጋዘን አዘጋጅቶ፣ ካርዱ እዚያ የጣለውን እያነሣ ወደ እውነተኛው ሥፍራ ያደርስ ነበር። መገልበጡ ጊዜ ይፈጃል፤ ነገር ግን ድራይቨሩ ስለ 16 ሜጋ ባይት ምንም ማወቅ ባይኖርበት ይመረጣል። ጄሰን ቶርፕ በ1998 እ.ኤ.አ. በዩዝኒክስ ጉባኤ ላይ ለኔትቢኤስዲ ያቀረበው ንድፍ መሠረታዊ ሐሳብ ይህ ነው፤ ድራይቨሩ መሣሪያው የሚችለውን ወሰን ይናገር፣ መገልበጥ ያስፈልግ አያስፈልግ ግን በሩ ይወስን። ዛሬ በሁሉም ሥርዓተ ክወናዎች ዘንድ በአንድ ወይም በሌላ መልክ ያለው ይኸው ነው።

ከዚህ ንድፍ የሚወጣ አንድ ስውር ነገር አለ። መሣሪያው የሚያየው አድራሻና ፕሮሰሰሩ የሚያየው አድራሻ አንድ መሆን የለባቸውም። ይህ ሐሳብ አይ ኦ ኤም ኤም ዩ የተባለውን ክፍል አስገኘ፤ ኢንቴል የራሱን መግለጫ በ2006 አካባቢ አውጥቷል። ይህ ክፍል በመሣሪያውና በማኅደረ ትውስታው መካከል ቆሞ የይለፍ ወረቀት የሚመረምር ኬላ ነው። ያለ እርሱ በባሱ ላይ የተሰካ ማንኛውም ካርድ የኮምፒዩተሩን ማኅደር በሙሉ ሊያነብ ይችላል፤ የይለፍ ቃሉንም፣ ደብዳቤውንም፣ የባንክ ሒሳቡንም ጭምር። ከእርሱ ጋር ግን ካርዱ የሚያየው የተፈቀደለትን ገጽ ብቻ ነው። ሆኖም ኬላ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። በ2019 እ.ኤ.አ. ተንደርክላፕ በሚል ስም የታወቀው ጥናት እንዳሳየው፣ ሥርዓተ ክወናዎቹ ኬላውን ቢጠቀሙም በሩን ከሚገባው በላይ አስፍተው ይከፍቱት ነበር። ኬላው የሚፈቅደው በገጽ፣ ማለትም በ4096 ባይት ነው፤ አንድ የኔትወርክ መልእክት ግን ከዚያ ያነሰ ነው። በገጹ ቀሪ ክፍል ላይ ከርነሉ የራሱን ምሥጢር አስቀምጦ ከሆነ ካርዱ ያንንም ያያል። ይህ የብረቱ ጥፋት አይደለም። ከኬላው በፊት የተነደፉት የሶፍትዌር በሮች መሣሪያን እንደ ታመነ ሎሌ ስለሚቈጥሩት የመጣ ነው።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ መሐንዲስ ምን ይፈይዳል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ፕሮሰሰሩ በሌላ አገር ይሠራል፤ ከርነሉ በሌላ አገር ይጻፋል። መልሱ ከዚያው ከቀላል ባቡሩ ሊጀመር ይችላል። ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ከሥራ ውጭ መሆናቸው በ2020ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በይፋ ተነግሯል። ለመለኪያና ለምርመራ መሣሪያ መለዋወጫ ማለት ብዙ ጊዜ ብረት ሳይሆን ድራይቨር ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ በሚሰካ ካርድ የሚታዘዝ የላቦራቶሪ መሣሪያ ሃያ ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ አብሮት የመጣው ድራይቨር ግን ለአንድ የሥርዓተ ክወና ዘመን ብቻ የተጻፈ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲቃጠል፣ በምትኩ የተገዛው አዲስ ኮምፒዩተር አሮጌውን ሥርዓተ ክወና አይቀበልም፤ አዲሱ ሥርዓተ ክወና ደግሞ አሮጌውን ድራይቨር አይቀበልም። ሌንሱ ደኅና ነው፤ ሞተሩ ደኅና ነው፤ መሣሪያው ግን በጨርቅ ተሸፍኖ ማእዘን ላይ ይቆማል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ከላይ የተገለጹት በሮች የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ መሆናቸው ያበቃል። ሊነክስ ከ2007 ጀምሮ ዩ አይ ኦ፣ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ቪ ኤፍ አይ ኦ የተባሉ በሮች አሉት። የመጀመሪያው የካርዱን ሬጂስተሮች ከከርነሉ ውጭ ላለ ተራ ፕሮግራም ይከፍታል። ሁለተኛው ይህንኑ ከኬላው ጋር አጣምሮ ይሰጣል፤ ስለዚህ ድራይቨሩን በመማር ላይ ያለ ሰው ቢሳሳት የሚፈርሰው የራሱ ፕሮግራም እንጂ ኮምፒዩተሩ በሙሉ አይደለም። በዚህ መንገድ አንድ ተማሪ ከርነል ሳይነካ የቆመን መሣሪያ ለማስነሣት መሞከር ይችላል። ዘዴው ከመጠን በላይ ይሞገሳል የሚሉ አሉ፤ ፍጥነት ለሚፈልግ ሥራ እውነት ሊሆን ይችላል። ለቆመ መለኪያ ግን የሴኮንድ ሺኛ አያሳስብም።

የሙከራው መጀመሪያ ቀላል ነው። ማንኛውም የፒ ሲ አይ ካርድ 256 ባይት የሆነ የማስተዋወቂያ ክፍል አለው፤ በመጀመሪያዎቹ ባይቶች ላይ የሠሪው ኩባንያና የካርዱ ዓይነት ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ ቀጥሎ እስከ ስድስት የሚደርሱ የአድራሻ ሬጂስተሮች ይመጣሉ። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ሁሉም ቢቶች 1 የሆኑበት ቁጥር ተጽፎ መልሶ ሲነበብ፣ ካርዱ የማይለውጣቸውን ዝቅተኛ ቢቶች 0 አድርጎ ይመልሳል፤ ከዚህም ክልሉ ስንት ባይት እንደሆነ ይታወቃል። ይህን ሥርዓተ ክወናው ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አስቀድሞ ያደርገዋል፤ ውጤቱም ኤል ኤስ ፒ ሲ አይ በተባለው ትእዛዝ ይታያል። እንግዲህ ካርዱ ማን እንደሆነና ስንት ባይት እንደያዘ ራሱ ይናገራል። በዚያ ክልል ውስጥ የትኛው ባይት ሞተሩን እንደሚያንቀሳቅስ፣ የትኛው ሲነበብ እንደሚቀዳ፣ የትኛው ሲጻፍበት የማይጠፋውን ማኅደር እንደሚደመስስ ግን አይናገርም። ያ የሚገኘው ሠሪው በሚያዘጋጀው የሬጂስተሮች መግለጫ ላይ ነው።

ይህ መግለጫ ከዕቃው ጋር አብሮ የሚመጣው ገዢው ከጠየቀ ነው። ዋጋው ሲደራደሩ ጥቂት ገጾች ነው፤ ዕቃው ከደረሰና ክፍያው ካለቀ በኋላ ግን በምንም ዋጋ ላይገኝ ይችላል። የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጁ የማኅበሩ አባላት የመለዋወጫ፣ የሥልጠናና የዋስትና ዓምዶችን ያውቋቸዋል። ከእነዚህ በታች አንድ ዓምድ ይጨመር ዘንድ ይቻላል፤ በውስጡም የእያንዳንዱ ካርድ የሬጂስተሮች ዝርዝር፣ ማንበብና መጻፍ የሚያስከትለው ውጤት፣ ካርዱ በዲ ኤም ኤ የሚደርስበት የአድራሻ ወሰን፣ ከተቻለም የድራይቨሩ መነሻ ኮድ ይጠየቃል። ሻጩ አልሰጥም ካለ ይህ ራሱ በግምገማው ላይ ነጥብ የሚያስቀንስ ይሆናል።